«ሃይድሮ» በመርካቶ፦ የውኃን ስም የያዙ የኬሚስትሪና የሕክምና ቃላት ታሪክ

መግቢያ

በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ፥ መርካቶ በተባለው የገበያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ የኬሚስትሪን ትምህርት የሚጀምረው ከክፍል ውጭ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ኖራና ጀሶ ተከምሮ፥ ሲሚንቶ ከመኪና ሲራገፍ፥ በረኪና በጀሪካን ሲቀዳ፥ ለሳሙና ሥራ የሚውለው ኮስቲክ ሶዳ በኪሎ ሲመዘን ያያል። የእያንዳንዱንም ስም፥ ዋጋና ጠባይ ከሻጭና ከገዢ አፍ ይሰማል። ይኸው ልጅ ወደ ክፍል ገብቶ መጽሐፉን ሲገልጥ ግን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፥ ሃይድሬት፥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚሉ ስሞች ይቀበሉታል። ታናሽ ወንድሙን አዝሎ ጤና ጣቢያ የሄደ እንደ ሆነም በሕክምና ካርዱ ላይ «ዲሃይድሬሽን» ተብሎ የተጻፈ ሌላ ቃል ያገኛል።

በመንገድ የታየውና በመጽሐፍ የተጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ስሞቹ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ይህ ጽሑፍ «ሃይድሮ» የሚለው የግሪክኛ ቅጥያ ከየት ተነሥቶ በየትኞቹ መንገዶች ወደ ኢትዮጵያ እንደ ደረሰ፥ በገበያው ከተለመዱት ስሞች ጋርም እንዴት ጎን ለጎን እንደ ኖረ ይመረምራል። በመጨረሻም የስሞቹ አለመተዋወቅ በትምህርትና በጤና ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ያመለክታል።

የቃሉ ምንጭና ሁለቱ ትርጉሞች

ውኃ በጥንታዊው ግሪክኛ «ሂዶር» ይባላል። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር «ሂድሮ» ይሆናል። በላቲን፥ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ የደረሰው «ሃይድሮ» ይኸው ነው። ቃሉን አስቀድመው ለሙያ ያዋሉት የጥንት ሐኪሞች ናቸው። በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም «ሃይድሮሴፋለስ»፥ በዘር ፍሬ ከረጢት ዙሪያ ውኃ ሲቋጠር «ሃይድሮሲል»፥ በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው ውኃ ለመጠጣት ሲሞክር ጉሮሮው እየተኮማተረ ከውኃ ሲሸሽ «ሃይድሮፎቢያ»፥ ይኸውም ውኃን መፍራት፥ ተባለ። በእነዚህ ቃላት ሁሉ ቅጥያው ዓይን የሚያየውን ውኃ ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ ያመለክታል።

ሁለተኛው ትርጉም የተወለደው በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1766 ብረታ ብረት በአሲድ ሲበላ የሚወጣውንና በእሳት የሚቀጣጠለውን አየር ለይቶ ገለጸ። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1783 ውኃ ራሱን የቻለ ንጥር ሳይሆን የሁለት ጋዞች ውሁድ መሆኑን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1787 ከጓደኞቹ ጋር ባወጣው የኬሚስትሪ አሰያየም ሥርዓትም ያንን ተቀጣጣይ ጋዝ «ሃይድሮጅን» አለው፤ ውኃን የሚያስገኝ፥ ውኃን የሚወልድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በኬሚስቶች አፍ «ሃይድሮ» ሲባል አንዳንድ ጊዜ ውኃን፥ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሃይድሮጅንን ማመልከት ጀመረ።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። «ሃይድሬት» ውኃ በውስጡ የያዘ ውሁድ ነው። «ሃይድሮክሎሪክ አሲድ» ግን ስሙን ያገኘው ከሃይድሮጅንና ከክሎሪን ነው። ለቆዳ ማሳከክ የሚታዘዘው «ሃይድሮኮርቲዞን» ኮርቲዞን ላይ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት የተገኘ ስለ ሆነ እንጂ ውኃ ስላለበት እንዲህ አልተባለም። ለደም ግፊት የሚሰጠው «ሃይድሮክሎሮታያዛይድ» ደግሞ የሚያሸና መድኃኒት በመሆኑ ስሙ ስለ ውኃ የሚናገር ይመስላል፤ በስሙ ውስጥ ያለው ግን እዚህም ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ «ሃይድሮ ማለት ውኃ ነው» ብሎ ብቻ ማስተማር ከግማሽ መንገድ ላይ መቅረት ይሆናል።

ስም የዘመኑን ስሕተት ይዞ ሊኖር እንደሚችልም ታሪኩ ያስረዳል። ላቯዚዬ አሲድን የሚያስገኘው ኦክሲጅን ነው ብሎ ስላመነ ኦክሲጅንን «አሲድ ወላጅ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ሰየመው። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ግን እ.ኤ.አ. በ1810 ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የምንለው አሲድ ኦክሲጅን የሌለበት መሆኑን አሳየ። እምነቱ ወደቀ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ቆመ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ግሪክኛና ግዕዝ

ግሪክኛ ለኢትዮጵያ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በገንዘቦቻቸው ላይ በግሪክኛ ያስቀርጹ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን የነገሠው የኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም ከግዕዝና ከሳባ ፊደል ጋር ግሪክኛን ይዟል። መጻሕፍተ ብሉያትና ሐዲሳት ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ምንጫቸው የግሪክኛው ቅጅ እንደ ነበረ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው።

እነዚያ ተርጓሚዎች የተከተሉት ልማድ ለዛሬው የሙያ ቃላት ጥያቄ ትምህርት ይሰጣል። በአገሩ ያልነበረውን አዲስ ሥርዓት ከነስሙ ተቀበሉ፤ ወንጌል፥ ጳጳስ፥ ዲያቆን፥ ሲኖዶስ፥ ቀኖና የሚሉት ቃላት ከግሪክኛ የመጡ ናቸው። በአገሩ የነበረውን ነገር ግን በአገሩ ስም ጠሩት። ስለዚህ «ሂዶር» በተጻፈበት ሁሉ «ማይ» አሉ እንጂ የግሪክኛውን ቃል አላስገቡም። ማየ አይኅ፥ ማየ ሕይወት የሚሉት ጥምሮች የዚህ ውጤት ናቸው።

ከሃይድሮ ቤተሰብ የሆነ አንድ የሕክምና ቃልም ያን ጊዜ አጋጥሟቸዋል። በትውፊት ሐኪም እንደ ነበረ የሚነገርለት ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 14 ላይ ስለ አንድ በሽተኛ ሲተርክ የግሪክኛው ቃል «ሂድሮፒኮስ» ነው፤ በሰውነቱ ውኃ የተጠራቀመበት ማለት ነው። ይህ ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተመለሰው በሆድ መነፋት ነው። ግሪክኛው የእብጠቱን ምክንያት ሲጠራ አማርኛው ለዓይን የሚታየውን ምልክት ጠራ። ሁለቱም ስሞች እውነት ናቸው፤ የሚያዩት ግን ከተለያየ ወገን ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ገበያው ያመጣቸው ስሞች

የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አስቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይቆም ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው አራዳን ለራሱ ወገኖች ለይቶ፥ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ስፍራ አዛወረው። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ሲባረር ገበያውም ስሙም ቀሩ፤ ነጋዴውም በየተራውና በየበረንዳው እየሰፋ የአገሪቱ ትልቅ የንግድ ማዕከል አደረገው።

ከገበያው ስም ጋር የዕቃዎችም ስሞች ገብተዋል። ሲሚንቶ፥ ጀሶ፥ በረኪና፥ ክሪክ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እነዚህን ዕቃዎች አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው ግን ከብዙዎቹ በስተጀርባ «ሃይድሮ» ቆሞ ይገኛል።

ኖራን እንውሰድ። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ሲቃጠል የሚቀረው ነጭ ነገር ውኃ ሲፈስበት እየጋለና እየተነፋ ይፈርሳል። ውኃውን ውጦ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሆኗል ማለት ነው። ግድግዳ የሚለቀልቀው ሠራተኛ ይህን ግለት በእጁ ያውቀዋል። ጀሶ ደግሞ በተፈጥሮው ሃይድሬት ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ውኃ ታስሯል። ድንጋዩ ሲሞቅ ከውኃው ሦስት አራተኛው ይለቅና ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውኃ ሲለወስ የለቀቀውን ውኃ መልሶ ይይዝና ይጠነክራል። የተሰበረ እጅ በጀሶ የሚታሰረው በዚህ ጠባዩ ነው። ቃሉም ቢሆን ከሩቅ የመጣ ነው፤ የጣሊያንኛው «ጄሶ» በላቲን በኩል ከግሪክኛው «ጂፕሶስ» የወረደ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረውም ስለሚደርቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር ስለሚዋሐድ ነው፤ ግንበኛው አዲስ ሥራ ላይ በየቀኑ ውኃ የሚያጠጣው ስለዚሁ ነው።

በእህል በረንዳ የሚራገፈው ጤፍና ስንዴም ከዚህ ቤተሰብ አይወጣም። «ካርቦሃይድሬት» የሚለው ስም ካርቦንና ውኃ የሚሉትን ያጣመረ ነው። የ19ኛው መቶ ዘመን ኬሚስቶች በስኳርና በስታርች ውስጥ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን እንደ ውኃ በሁለት ለአንድ መጠን መገኘታቸውን አይተው የሰጡት ስም ነው። የአማርኛው የትምህርት መጽሐፍ ይህን «ኃይል ሰጪ ምግብ» ይለዋል። አንዱ ስም አሠራሩን፥ ሌላው ጥቅሙን ይናገራል።

ቅጥያው ከትርጉሙ የራቀበትም ቦታ አለ። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ «ሃይድሮሊክ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ዘይት ነው። ቃሉ የተወለደው በቧንቧ ከሚገፋ ውኃ ቢሆንም፥ ውኃ ብረትን ስለሚያዝግ ቦታውን ለዘይት ለቋል። ውኃው ሄዶ ስሙ ቀርቷል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ዘመናዊው ትምህርት በእንግሊዝኛ ላይ ተመሠረተ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም.፥ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መስጫ ሲሆን፥ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመጀመሪያ ደረጃ ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ቦታ ሰጠ፤ በሁለተኛ ደረጃ ግን እንግሊዝኛ እንደ ጸና ቆየ። በዚህ ምክንያት ተማሪው የሃይድሮን ቃላት ቤተሰብ በሙሉ የሚያገኘው የትምህርቱ ቋንቋ በሚለወጥበት ወቅት ላይ ነው። አዲስ ዕውቀትና አዲስ ቋንቋ በአንድ ጊዜ ይወድቁበታል።

ችግሩ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ሳይታሰብበት አልቀረም። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሰፊ ሥራ አካሄደ፤ ውጤቱም በ1989 ዓ.ም. በመዝገበ ቃላት መልክ ታተመ። በዚህ ዓይነት ሥራ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ ዓለም አቀፉ ስም እንዳለ ይወሰድ ወይስ ይተርጎም የሚለው ነው። ጀርመኖች ሃይድሮጅንን «የውኃ ንጥር» በሚል ቃል፥ ሩሲያውያን «ውኃ ወላጅ» በሚል ቃል በየቋንቋቸው ተርጉመውታል። ግዕዝም ለዚህ አቅም አያንሰውም፤ «ወላዴ ማይ» ቢባል የላቯዚዬን አሳብ አንድም ሳያጎድል ይገልጠዋል። ይሁን እንጂ ሃይድሮጅን የሚለው ስም በመጽሐፉም በመምህሩም አንደበት ሥር ሰዷል። ሌላ ስም ከመትከል ይልቅ የተተከለውን ማስረዳት ይቀላል። በሌላ በኩል «የውኃ ኃይል ማመንጫ» የሚለው አጠራር ሃይድሮኤሌክትሪክን ያለ ችግር ተክቶ ሲሠራበት ይታያል። ተርጓሚው የጥንቶቹን ፈለግ ቢከተል አይሳሳትም፤ በአገር ያለው ይተርጎም፥ የሌለው ከነስሙ ይግባ፥ የገባው ግን ይፈታ።

የስም ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን

እስካሁን የተነገረው የቃላት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ አዋቂዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን ስሞች ሳይገናኙ ሲቀሩ ሰው ይጎዳል።

የመጀመሪያው ምሳሌ «ዲሃይድሬሽን» ነው። ቃሉ በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ድርቀት» ተብሎ ይመለሳል። ይሁን እንጂ እናት «ድርቀት» የሚለውን ቃል የምታውቀው ከሆድ ድርቀት ጋር ነው፤ ይህም የተቅማጥ ተቃራኒ ነው። ልጅዋ ተቅማጥ ይዞት ሳለ «ድርቀት አለበት» ቢሏት ነገሩ እርስ በርሱ የሚጣረስ ይሆንባታል፤ ፈሳሽ መስጠት ተቅማጡን ያብሳል ብላ የምትፈራ ከሆነም ፍርሃቷን አያርቅላትም። «ሰውነቱ ውኃና ጨው አልቆበታል» ቢባል ግን ምን ማድረግ እንዳለባት ከቃሉ ራሱ ትረዳለች። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው ኦአርኤስ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፥ 1.5 ግራም ፖታስየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት የያዘ ነው። ግሉኮሱ ጨው በአንጀት ግድግዳ እንዲያልፍ ይረዳል፤ ውኃውም ጨውን ተከትሎ ወደ ደም ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በተከሰተ ጊዜ እንደ ታየው፥ ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ይህን ዕውቀት በሚገባ ቃል ማስተላለፍ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኮስቲክ ሶዳ ነው። «ኮስቲክ» ራሱ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የሚያቃጥል ማለት ነው፤ ስለዚህ የነጋዴው ስም ማስጠንቀቂያ ይዟል። በመጽሐፍ ያለው «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ» ግን የተሠራበትን እንጂ ጠባዩን አይናገርም። ሃይድሮን እንደ ውኃ ብቻ የተማረ ልጅ ለስላሳ ነገር አድርጎ ሊገምተው ይችላል። ነገሩ ዓይን የሚያጠፋ፥ ጉሮሮ የሚበሳ ነው። ሲበጠበጥ ሶዳው ቀስ እያለ ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳው ላይ አይፈስም። እንደዚህ ያለ ነገር ባዶ በሆነ የመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ በቤት ቢቀመጥ ለሕፃን የሚያስከትለውን አደጋ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የበረኪና ጉዳይ ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። «ሃይፖ» በግሪክኛ «በታች» ማለት ሲሆን ከ«ሃይድሮ» ጋር በድምፅ ቢቀራረብም ዝምድና የለውም። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያደባልቁ ስሕተቱ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱ ነገሮች በባልዲ ውስጥ ሲደባለቁ ግን ጉዳቱ ሌላ ነው። በረኪና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም ሳንባን ያቃጥላል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ይበልጥ እንዲጸዳ ብሎ ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ሳያውቅ ራሱን ለሞት ሊያጋልጥ ይችላል።

አራተኛው ምሳሌ የአገር ስም ከግሪክኛው የሚበልጥበት ነው። «ሃይድሮፎቢያ» የሚለው የመጨረሻውን ምልክት ይጠራል፤ ያ ምልክት ከታየ በኋላ ደግሞ በሽተኛው የመዳን ተስፋ የለውም ማለት ይቻላል። «የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው አማርኛ ግን የበሽታውን መነሻ ይጠራል፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ከየት እንደሚጀምር ያመለክታል። በአዲስ አበባ በ1940ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩትና እርሱን የተኩት ተቋማት የዚህን በሽታ ክትባት ሲያዘጋጁ ቆይተዋል። የተነከሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፥ ከዚያም ለክትባት ወደ ጤና ድርጅት መሄድ አለበት። ውኃን በማስፈራቱ ለተሰየመ በሽታ የመጀመሪያው እርዳታ ውኃ መሆኑን ተማሪ አንድ ጊዜ ከሰማ አይረሳውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህሩ የሚከተሉት ተግባሮች ይመነጫሉ። አንደኛ፥ «ሃይድሮ» ሲያጋጥም ተማሪው «እዚህ ላይ ውኃ ነው ወይስ ሃይድሮጅን?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ይገባል። ሁለተኛ፥ ተማሪዎች በገበያ የሰሟቸውን ስሞች ወደ ክፍል ይዘው እንዲመጡ ማድረግና በሰሌዳው ላይ የገበያውን ስም፥ የኬሚስትሪውን ስምና የሚገባውን ጥንቃቄ ጎን ለጎን ማስፈር ይጠቅማል። ይህ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ ነው። መምህሩ በእጁ የያዘው ጠመኔም ብዙውን ጊዜ ከጀሶ የሚሠራ ስለ ሆነ ስለ ሃይድሬት ሲያስረዳ ማስረጃውን ሩቅ አይፈልግም።

ዕቅድ አውጪዎችም የሚያስቡበት ነገር አለ። የመማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ እያንዳንዱ የሙያ ቃል መጀመሪያ በገባበት ገጽ ላይ በሕዝቡ የሚታወቅበት ስም አብሮ ቢታተም፥ የጤና ትምህርት ቃላትም ከመሠራጨታቸው በፊት በእናቶች ዘንድ ምን ትርጉም እንደሚሰጡ ቢፈተሽ፥ በየሱቁ ለሚቸረቸሩ አደገኛ ኬሚካሎችም በአገር ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ቢደረግ ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከአክሱም ጀምሮ የውጭ ቃል ወደዚህ አገር ሳይገባ አልኖረም። ቃሉ ለልጁም ለእናቱም የሚጠቅመው ሲፈታላቸው ነው፤ እርሱን የሚፈታው ደግሞ በመጀመሪያ መምህሩ ነው።